ቀኑ ሲደርስ ያለቀው ይውጣ

ጥያቄ፦ ስምንት በጎ ፈቃደኞች ሆነን ነፃ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አፕ ለአንድሮይድ እንሠራለን። ኮዱ ጊትሃብ (ኮድ በጋራ የሚሠራበት ድረ ገጽ) ላይ ክፍት ነው። ትንሽ ስህተት አርመን እንኳ ተጠቃሚው ዘንድ እስኪደርስ ሦስት አራት ወር ይፈጃል። የመፈረሚያ ቁልፉ (አፑ የእኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፋይል) ያለው አንድ ጓደኛችን ላፕቶፕ ላይ ነው፤ እሱ ሥራ ሲበዛበት ሁሉም ይቆማል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ መጀመሪያ ቁልፉ። ፕሌይ ኮንሶል (አፕ ሠሪዎች ጉግል ፕሌይ ላይ አፓቸውን የሚያስተዳድሩበት ገጽ) ገብታችሁ አፑ በ«ፕሌይ አፕ ሳይኒንግ» (ጉግል የመፈረሚያ ቁልፉን የሚይዝበት አገልግሎት) መመዝገቡን አረጋግጡ። ከተመዘገበ ዋናው ቁልፍ ጉግል ዘንድ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው የመስቀያ ቁልፍ (አዲስ ስሪት ወደ ፕሌይ ሲላክ የሚፈረምበት) ብቻ ስለሆነ ቢጠፋም ማስቀየር ይቻላል። ካልተመዘገበ፣ የቁልፉ ሌላ ቅጂ ከሌለና ላፕቶፑ ከተሰረቀ ግን ያንን አፕ ዳግም ማዘመን አትችሉም፤ ተጠቃሚውን ሁሉ «አዲስ አውርዱ» ልትሉ ነው። ይህን ዛሬውኑ ጨርሱት። ለሁለተኛ ሰውም በራሱ አካውንት የመልቀቅ ፈቃድ ስጡት፤ የይለፍ ቃል መዋዋስ ይቅር።

ቀጥሎ ግንባታውን (ኮዱን ወደ አፕ መለወጡን) ከሰው እጅ አውጡት። ይህን በራሱ የሚሠራው ጊትሃብ አክሽንስ ለክፍት ፕሮጀክት ነፃ ነው። አንዱ ዎርክፍሎው (በራሱ የሚሄድ የሥራ ቅደም ተከተል) ፑል ሪኩዌስት (ይህን የኮድ ለውጥ ተቀበሉ የሚል ጥያቄ) በመጣ ቁጥር ቴስት ያስኪድ፤ ሌላው የስሪት ታግ (ኮዱ ላይ የሚለጠፍ የስሪት ምልክት) ሲለጠፍ ገንብቶና ፈርሞ ወደ ፕሌይ ውስጣዊ መሞከሪያ ይስቀል። የመስቀያ ቁልፉን ሲክሬትስ (የጊትሃብ ምስጢር ማኖሪያ) ውስጥ አኑሩት። ከፎርክ (ሌላ ሰው ለራሱ ከወሰደው የኮዱ ቅጂ) የሚመጣ ፑል ሪኩዌስት ሲክሬትስ አያገኝም፤ ይህን ለማለፍ ብላችሁ ሲክሬትስ በሚያገኘው «ፑል ሪኩዌስት ታርጌት» በተባለ ማስነሻ የማታውቁትን ሰው ኮድ ካስኬዳችሁ ቁልፉን አሳልፋችሁ ሰጣችሁ። ቨርዥን ኮዱን (ፕሌይ ስሪቶችን የሚለይበትን ቁጥር) ከዎርክፍሎው የሩጫ ቁጥር ውሰዱ፣ አሁን የደረሳችሁበትንም ደምሩበት፤ አለበለዚያ ቆጠራው ከ1 ይጀምራል፣ ፕሌይም ያገለገለ ቁጥር አይቀበልም።

ሦስት ወሩን የሚበላው ግን በአብዛኛው ቁልፉ ሳይሆን «ይቺ ብቻ ትለቅ» እያሉ ልቀቱን ማዘግየት ነው። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) በየዙሩ አዲስ ነገር የሚቀበለው ለሁለት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ የሙከራ ስሪት እየወጣ ዙሩ በጀመረ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሳምንት ባለው ጊዜ ዋናው ይለቀቃል። ያልደረሰ ቀጣዩን ይጠብቃል። ቀጣዩ ቅርብ ስለሆነ ማንም «ጠብቁኝ» ብሎ አይለምንም። እናንተ በየሁለት ሳምንቱ አድርጉት። ያላለቀውን ሥራ ማብሪያ ማጥፊያ ፍላግ አበጁለትና አጥፍታችሁ መርጅ አድርጉት (ከዋናው ኮድ ጋር አዋህዱት)፤ ለወራት በተለየ ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) የሚቀመጥ ኮድ መርጅ ሲደረግ ነው ጣጣው።

ዓርብ አትልቀቁ የሚለው የሶፍትዌር ሠሪዎች ደንብ ለደመወዝተኛ ነው። የእናንተ ሰዎች ነፃ የሚሆኑት ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ልቀቁ። የጉግል ግምገማ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አስገቡት፣ «ማኔጅድ ፐብሊሺንግ»ን (ግምገማውን ያለፈውን እስክትለቁት የሚያቆየውን ምርጫ) አብሩና ቅዳሜ ራሳችሁ ልቀቁት።

ከመልቀቅ በፊት ሁለት ነገር አይዘለል። አንደኛው «ሠላም» እና «ሰላም» ተፈልገው አንድ ውጤት ማምጣታቸው፤ ይህን ቴስት ውስጥ ጻፉት። ሁለተኛው አዲሱን ስሪት ባዶ ስልክ ላይ ሳይሆን በአሮጌው ላይ መጫን ነው፤ የዳታቤዙ ቅርጽ ተለውጦ ማይግሬሽን (የቆየውን ዳታ ወደ አዲሱ ቅርጽ ማሸጋገር) ከተረሳ አፑ ሲከፈት ይወድቃል፣ ባዶ ስልክ ላይ ግን ምንም አይታይም።

ልቀቱን ከተጠቃሚዎች በ10 በመቶ ጀምራችሁ በማግስቱ ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 100 አሳድጉ። ተጠቃሚው 500 ብቻ ከሆነ ግን 10 በመቶ 50 ሰው ነው፤ ብዙም አያሳይምና በሞካሪዎች ላይ ተማመኑ። ብልሽት ከታየ ስርጭቱን አቁሙት። የደረሰውን ሰው ግን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ጥፋት ያመጣውን ኮሚት (የኮድ ለውጥ) ሪቨርት አድርጋችሁ (ሰርዛችሁ) ከፍ ባለ ቨርዥን ኮድ አዲስ ታግ ለጥፉ። ስህተቱን ራሱን ማረም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።