ሄድፎን ቤት ውስጥ ከመፍታትዎ በፊት

የብሉቱዝ ሄድፎንዎ በቀኝ በኩል ድምፅ እንዳቆመና ቤት ውስጥ ፈትቶ መጠገን ምን አደጋ እንዳለው ጠይቀዋል። ለዓመታት በትርፍ ጊዜዬ ስለሠራሁበት ከልምዴ ልመልስልዎ። ዋስትናው ካላለቀ አይክፈቱት። ካለቀም ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት የስልክዎን የድምፅ ማስተካከያ ይመልከቱ፤ የግራና የቀኝ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ተንሸራቶ ሳለ ደህናው ሄድፎን በከንቱ ሲፈታ አይቻለሁ።

ለፈቺው የሚያሰጋው ባትሪው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሊቲየም ፖሊመር ሲሆን፣ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ብቻ መያዙ ሰውን ያዘናጋል። ባይነዝርም እንኳ ለስላሳው መሸፈኛ በካቻቢቴ ጫፍ ከተበሳ ወይም ከተጣጠፈ፣ በውስጡ ያሉት ንብርብሮች ተነካክተው በቅጽበት ሊግልና ሊቀጣጠል ይችላል። ሄድፎኑ ቢጠፋም ባትሪው ኃይሉን እንደያዘ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ከሰርኪዩት ቦርዱ መለየት አለበት። ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ በአንድ ጊዜ በፒንሳ ከቆረጧቸው ብረቱ ራሱ ሁለቱን ያገናኛቸዋል፤ ስለዚህ አንዱን ለይተው ጫፉን በፕላስተር ከሸፈኑ በኋላ ብቻ ወደ ሌላው ይሂዱ። ባትሪው አብጦ ካገኙት አይጫኑት፣ ቻርጅም አያድርጉት።

ዕቃውን የሚጎዳው ደግሞ በአብዛኛው ብልሽቱ ሳይሆን አከፋፈቱ ነው። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ትራሱ ሥር ስለሚደበቁ፣ ያላያቸው ሰው ክዳኑን በጉልበት ፈልቅቆ የፕላስቲክ ጥርሶቹን ይሰብራል፤ ድንገት ሲላቀቅም ከውስጥ የተያያዘውን ቀጭን ሽቦ ይበጥሰዋል። የእስፒከሩ ማግኔትም የብረት ካቻቢቴን ስቦ ስሱን ሽፋን ሊያስቀድደው ስለሚችል፣ እኔ ገና እንደከፈትኩ በወረቀት እሸፍነዋለሁ።

ብየዳው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። በብዙ ሄድፎኖች የሽቦው ክሮች ከፀጉር የቀጠኑ መዳቦች ሲሆኑ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ቀለም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቫርኒሽ ነው፤ ተፍቆ ወይም በካውያ (በጋለው የብየዳ መሣሪያ) ተቃጥሎ ካልተነሣ መበየጃው (ቀልጦ ሽቦውን የሚያያይዘው ብረት) የያዘ ይመስላል እንጂ አያገናኝም። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለው መበየጃ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የካውያው ጫፍ ግን ከዚያ እጅግ የጋለ ስለሆነ፣ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ ከቆየ የእስፒከሩን ፕላስቲክ ሊያቀልጥ ይችላል። ጭሱ እንዲወጣ መስኮት ይክፈቱ፤ ሲጨርሱም እጅዎን ይታጠቡ።

ጆሮ ውስጥ የሚገቡትን ጥቃቅኖቹን እኔ አልፈታም። ብዙዎቹ በሙጫ የታሸጉ በመሆናቸው ለመክፈት ሙቀት ይጠይቃሉ፣ ባትሪው ደግሞ እዚያው ሥር ነው፤ ቢከፈቱም ውኃ የመከላከል አቅማቸው እንደቀድሞው አይሆንም።

የእርስዎ ትልቁ ዓይነት ከሆነና ከጠገኑት፣ ባትሪውን መጨረሻ ላይ መልሰው አገናኝተው ክዳኑን ሳይገጥሙ ይሞክሩት። ሁለቱም ጎን እየተሰማ ወፍራሙ ድምፅ ከሳሳብዎ፣ የአንዱ እስፒከር ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ሳይበየዱ አልቀሩምና ቦታቸውን ይለዋውጧቸው።