መልስ፦ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሳለ ኪቶን ከየት መጣ?

ወንድሜ፣ «ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ያለባት እህቴ ስኳሯ 380 ሆኖ ሽንቷ ላይ ኪቶን (ስብ ሲነድ ጉበት የሚሠራው ነገር) ተገኘ፤ ስኳር ተርፎ ሳለ ሰውነቷ ለምን ስብ ያነዳል?» ላልከው፦ ስኳሩ ደም ውስጥ ቀረ እንጂ ጡንቻ ውስጥ በበቂ አልገባም። ስኳሩን የሚያስገባው ኢንሱሊን ሲጠፋ ስብ የሚሰብረው ኢንዛይም ልጓሙ ይፈታል፤ የተከማቸው ስብ ፋቲ አሲድ እየሆነ ወደ ደም ይፈሳል። ጉበት ውስጥ ደግሞ ፋቲ አሲድ ወደ ማይቶኮንድሪያ (ስብ የሚነድበት የሴሉ ክፍል) እንዳይገባ የሚያግደው ማሎኒል ኮኤ ስለሚቀንስ በሩ ወለል ይላል፤ ጉበቱ አንድዶ ያልጨረሰው ኪቶን ይሆናል። ትንፋሿ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተው አንዱ ኪቶን አሴቶን ስለሆነ ነው።

የሽንት ወረቀቱን ብዙ አትመነው። የሚያነበው አሴቶአሴቴት የሚባለውን ኪቶን ነው፤ በብዛት ያለውን ሌላውን ኪቶን፣ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬትን፣ አያይም። ኪቶኑ በደም ሲለካ 3 ሚሊሞል በሊትር ከደረሰ ወይም ካስመለሳት ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት። ምግብ እምቢ አለች ብላችሁ ደግሞ ረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን እንዳታቋርጡባት።