«ይሄ ቂም ነው» ይሉኛል

ጤና ይስጥልኝ፣

የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ስለ ሴቶች መብት እጽፋለሁ። አባቴ ጠጪ ነበር፤ እናቴን ይደበድባት ነበር። ዘመዶቼ ይህን ስለሚያውቁ ጽሑፌን ባዩ ቁጥር «አንቺ ወንድ የጠላሽው በአባትሽ ነው፤ ይሄ ቂም እንጂ ሐሳብ አይደለም» ይሉኛል። ሜሪ ዎልስተንክራፍት የምትባለው የጥንት እንግሊዛዊት ጸሐፊም ልጅነቷ እንደኔው እንደነበር ሰማሁ። እሷንስ ያጻፋት ቂም ነው? እኔስ ልተወው ይሆን?

ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ

ውድ እህቴ፣

በፍጹም እንዳትተዪው።

የሰማሽው እውነት ነው። ሜሪ በ1759 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ተወለደች። አባቷ የወረሰውን ሀብት በትኖ ጨረሰ፤ ሲሰክር ሚስቱን ይመታ ነበር። ሜሪ ገና በአፍላነቷ፣ እናቷን እንዳይነካት ብላ መኝታ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ትተኛ ነበር።

እኔን የበለጠ የሚያመኝ የእህቷ የኢላይዛ ነገር ነው። ኢላይዛ ከወለደች በኋላ አእምሮዋ ታወከ። በ1784 መጀመሪያ ሜሪ ከባሏ ቤት ይዛት ጠፋች። ሠረገላው ውስጥ ኢላይዛ የጋብቻ ቀለበቷን በጥርሷ ነክሳ ሰባበረችው። ሕፃኗን ግን ትተው ነው የወጡት፤ በዘመኑ ሕግ ልጅ የአባት ነበረ። ልጅቷ በዚያው ዓመት ሞተች።

ይህን ያየ ሰው ወንድን ቢረግም ማን ይፈርድበታል? ሜሪ ግን «የሴቶች መብት» በሚለው የ1792 መጽሐፏ አባቷንም የእህቷን ባልም ስትረግም አታገኛትም። የጠየቀችው ሌላ ነው፤ ሴት ለምን ከሰው እጅ ጠባቂ ትሆናለች? መልሱን ከኑሮዋ ታውቀው ነበር። የአንዲት ባለጸጋ መበለት ጓደኛ ተብላ ተቀጥራ ኖራለች፣ ትምህርት ቤት ከፍታ ከስሮባታል፣ አየርላንድ ውስጥ የመኳንንት ልጆች አስተምራለች። ለጨዋ ልጅ ከዚያ የዘለለ ሥራ እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ሴቶች ሕክምና ይማሩ፣ ይነግዱ አለች። መንግሥት በሚያቋቁመው ትምህርት ቤት ሴትና ወንድ አብረው ይማሩ አለች።

ሴቶችንም አልማረችም። ውሾቿን አልጋዋ ላይ እያስተኛች ልጆቿን ለሞግዚት የምትተው እመቤት በመጽሐፏ ውስጥ አለች። ለሴቶች የምትመኘው ሥልጣን በወንድ ላይ ሳይሆን በራሳቸው ላይ እንደሆነም በግልጽ ጽፋለች። የወንድ ጥላቻ እንዲህ አይናገርም።

ዘመዶችሽ ያሉሽን እሷም ላይ ብለውባታል። በ1797 በወሊድ ምክንያት ከሞተች በኋላ ባሏ ዊልያም ጎድዊን የሕይወት ታሪኳን አሳተመ። በፍቅር ነው የጻፈው፤ ግን ያለጋብቻ መውለዷንና ራሷን ለማጥፋት መሞከሯን ሁሉ ዘረገፈው። ሰው ሐሳቧን መመርመር ትቶ ገመናዋን ያዘ። መጽሐፏ ለብዙ ዓመታት ተናቀ። ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

እና ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ «ቂም ነው» ለሚልሽ ሰው የጻፍሽውን አንድ አረፍተ ነገር አሳይውና «የቱ ጋ ነው ስህተቱ?» በይው። የአባትሽን ነገር በአደባባይ ለማውጣት ካሰብሽ ደግሞ አስቀድመሽ እናትሽን አማክሪ፤ የተመታችው እሷ ናት። እሺ ካላለችሽም የሚጻፍ አታጪም። አንዲት ሴት ከሚደበድባት ባል ጋር የምትቆየው ለምን እንደሆነ ከቅርብ ሆነሽ አይተሻል፦ የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ቀለብ፣ «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» የሚሏትን ሽማግሌዎች። እሱን ጻፊው፤ ስትጨርሺም ላኪልኝ።