የሕፃናት ሳይኮሎጂ ተምሬ እንጀራ እበላለሁ?

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነኝ፤ በቅርቡ ዲፓርትመንት እንመርጣለን። ሐሳቤ ሳይኮሎጂ ገብቼ የሕፃናት ሳይኮሎጂስት መሆን ነው። አባቴ ግን «እሱ ሥራ የለውም፣ አካውንቲንግ ግቢ» ይሉኛል። ስንት ዓመት ይፈጃል? ወጪውስ? ደመወዙ ያኖራል ወይ?
ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ የሰጉት በከንቱ አይደለም። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ «የሕፃናት ሳይኮሎጂስት» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ጅማ ውስጥ ብትጠብቂ ትከርሚያለሽ። ቢሆንም ተዪው አልልሽም። ረጅም መሆኑን አውቀሽ ግቢበት።

ዲግሪው ፍሬሽማንን ጨምሮ 4 ዓመት ነው፣ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። አሁን ከኪስሽ ብዙ አይወጣም። የወጪ መጋራት ውል ትፈርሚያለሽ፤ የምግብና የመኝታሽ ወጪ ከትምህርቱ 15 በመቶ ጋር በስምሽ ይያዛል፣ ሥራ ስትይዢ ደግሞ ከገቢሽ ቢያንስ 10 በመቶ በየወሩ እየተቆረጠ ይከፈላል። ይህን ዕዳ ብዙ ተማሪ የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ደመወዙን ሲያይ ነው።

ከመስከረም 2018 ወዲህ የመንግሥት ጀማሪ ባለ ዲግሪ 11,500 ብር ያገኛል። ከዚያ ላይ ግብር አለ፣ 7 በመቶ ጡረታ አለ፣ የወጪ መጋራቱ አለ። ከቤተሰብ ጋር ከሆንሽ ያኖራል፤ ቤት ከተከራየሽ ግን ያጣብቃል። አካውንታንቱም በመንግሥት ቤት የሚጀምረው በዚሁ ነው፣ ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው!

የምትጀምሪው በትምህርት ቤት ካውንስለርነት፣ በሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ወይም እንደ ኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር ባሉ ድርጅቶች ይሆናል። ሁለት ዓመት ሠርተሽ ማስተርስ ቀጥይ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዴቨሎፕመንታል (የዕድገት) ሳይኮሎጂም ካውንስሊንግ (የምክር) ሳይኮሎጂም አለ። ከባዱ ወጪ ያኔ ነው የሚመጣው፣ የአዲስ አበባ ኑሮ። ስለዚህ ስፖንሰር የሚያደርግ ቀጣሪ ፈልጊ። የግል ክሊኒክም ሆነ የተሻለ ክፍያ ከማስተርስ በኋላ የሚታሰብ ነው። ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪም፣ ሌላ መንገድ ነው፣ በሜዲሲን በኩል የሚገባ።

ፈላጊ ግን አለ። ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ኦቲዝም ያለበትን ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስላጣች ነበር። እንደ እሷ የተቸገረ ወላጅ ጅማም ሞልቷል። አፋን ኦሮሞሽንም አጠንክሪ፤ ልጅ የሆዱን የሚያወራው በእናቱ ቋንቋ ነው፣ እዚህ ከተማ ያለዚያ ሥራው ግማሽ ይሆናል።

ፎርሙን ሳትሞዪ ዲፓርትመንቱ ሄደሽ ያለፉት ዓመታት ተመራቂዎች የት እንደተቀጠሩ ጠይቂ። ከተቻለ አባትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ።