«አሪፍ ነው» ብቻ አትበሉ፦ ለሚዘፍኑና ለሚያደምጡ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ዘፍናችሁ ስትጨርሱ ሰው ምን እንደሚላችሁ ታውቃላችሁ። «አሪፍ ነው!» «አንደኛ ነሽ!» «በርታ!» ትባላላችሁ። ደስ ይላችኋል፤ ደስ ማለቱም አይከፋም። በማግስቱ ልምምድ ስትጀምሩ ግን ያ ሁሉ ሙገሳ ምኑን ማስተካከል እንዳለባችሁ አይነግራችሁም።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሙዚቃ ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ የሚመጡ ወጣቶች አሉ። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከእነዋሪ የመጡ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚማር አለ፣ ፋብሪካ የሚሠራ አለ፣ ሱቅ የምትጠብቅ አለች። ለአብዛኞቹ ዘፈን እንጀራቸው አይደለም። ግን ከልባቸው ይወዱታል። ይህን የምጽፈው ለእነሱና እነሱን ለሚመስሉ ሁሉ ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የሰው ዘፈን ሰምታችሁ አስተያየት ስትሰጡ ቦታውን ንገሩት። የትኛው ስንኝ፣ የትኛው ቃል ላይ ምን እንደሰማችሁ ንገሩት። «ደከም ይላል» ከተባለ ሰው ምን ይጠበቃል? «ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ትንፋሽህ አልቆ ድምፅህ ወረደ» የተባለ ግን ዛሬውኑ ሊሞክረው ይችላል።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዜማ ቤት የቆየ ሰው ካገኛችሁ ጠይቁት። ተማሪው ቆሞ ሲያዜም የኔታ የተሳሳተበት ቦታ ላይ ያስቆሙታል። ቀለሙን ራሳቸው ብለው ያሰሙታል፤ እሱ ይደግማል፣ እስኪቀና ይደግማል። ደግሞ ስህተቱ ስም አለው። የዜማ ምልክቶቹ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ይዘት እየተባሉ ከቃሉ ጋር ተጽፈዋል። የኔታ «እዚህ ጋ ርክርኩን አላወጣህም» ሲሉ ተማሪው ምን እንደጎደለ ያውቃል። ማንም አይቀየምም። ነገሩ ስለ ርክርኩ ነዋ! እኛ ዓለማዊ ዘፈን የምንዘፍን ሰዎች ግን ለምንሰማው ነገር ስም ስለማንሰጥ ወይ እናሞግሳለን ወይ እንሰድባለን።

ሠርግ ቤትም ብትሄዱ ያው ነው። አውጪዋ ከፍ አድርጋ ካነሳችው ተቀባዩ ይከዳታል። ግማሹ ዝም ይላል፣ ግማሹ ዝቅ ብሎ ይቀበላል። ጎበዝ አውጪ ይህን በአንድ ዙር ውስጥ ሰምታ ወዲያው ታወርደዋለች። ማንም አፍ አውጥቶ አልነገራትም። አስተያየቱን ከተቀባዩ ድምፅ አነበበችው።

ዛሬ ልምምድ ቤት ውስጥ ያለው አንድ ልጅ፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ስልክ ነው። ተቀባይ የለም። ስለዚህ ያ ተቀባይ የሚሠራውን ሥራ እናንተ ጓደኞቹ መሥራት አለባችሁ።

ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። የመንዝ ልጅ ናት። በአንድ የዘፈን ውድድር ላይ አንድ ዳኛ በሰው ፊት «አንቺ ድምፅ የለሽም፣ ሌላ ሙያ ፈልጊ» አላት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እቤቷ ውስጥ እንኳ አላንጎራጎረችም። ጓደኛዋ እየጎተተች እኔ ጋ አመጣቻት። ያኔ የዘፈነችውን ዘፈን ዝፈኚልኝ አልኳት። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋ ታነቀ፣ ድምፁ ቀጠነ፣ ቃሉ ጠፋ። ዳኛው የሰማው ይህን ነበር፤ ሰምቶ አልዋሸም። ግን ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ዘፈኑን ያነሳላት ለራሱ እጅ በለመደው ከፍታ ነበር፤ ሙዚቀኞች ኪይ የሚሉት ማለት ነው። ለእሷ ሁለት ሙሉ ድምፅ ያህል ከፍ ይልባታል። አወረድነው። ያ ቀጭን ድምፅ ወፍሮ፣ ሞቆ፣ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ጓደኛዋ አለቀሰች። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስለዚያ ዳኛ ሳስብ እናደዳለሁ። «ዘፈኑ ለድምፅሽ ከፍ ብሏል፣ አውርጂው» ማለት ይችል ነበር። ከሰደባት ያነሰ ቃል ነው የሚፈጀው።

ስለዚህ «ድምፅ የለህም» የሚለውን አባባል ከአፋችሁ አውጡት። መናገር የሚችል ሰው ድምፅ አለው። የሚጎድለው ትንፋሽ ሊሆን ይችላል፣ ጆሮ ሊሆን ይችላል፣ የተሳሳተ ኪይ ሊሆን ይችላል። ድምፃቸው እየተሰበረ ላሉ ወንዶች ልጆች ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት አካባቢ የድምፅ አውታራቸው እየረዘመና እየወፈረ ነው። ትናንት ያወጣው የነበረው ከፍታ ዛሬ ይሰነጠቅበታል። ያ ልጅ ድምፁን አላጣም። ዝቅ አድርጎ፣ ሳይጮህ ይዝፈን፤ ይረጋል።

አሁን ወደ ቅኝት ልግባ፤ ዘፈኖቻችን የሚቆሙባቸው የድምፅ ረድፎች ማለቴ ነው። ዋናዎቹ አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ነው።

ትዝታን ውሰዱ። ሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ሲወርዱ ማይነር ይሆናል። በሜጀሩ የጀመረ ልጅ ሚ ላይ ዝቅ ካለ «ከቅኝት ወጣህ» ማለት አይበቃም። «ሦስተኛዋ ድምፅ ወደ ማይነሩ እየሳበችህ ነው» በሉት፤ ወዲያው ይገባዋል። አምባሰል ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ብዙ ልጆች ያንን ሰፋ አድርገው ይረግጡታል፣ የአምባሰል ለዛው ይጠፋል። አንቺ ሆዬ በእኔ ግምት ከአራቱም ይከብዳል። ጠባብ እርምጃ፣ ከዚያ ሰፊ ዝላይ፣ እንደገና ጠባብ እርምጃ ነው። እዚያ ላይ የሚስት ሰው ሰነፍ አይምሰላችሁ። ድምፆቹን አንድ በአንድ በክራር እየመታችሁ አብራችሁት ውጡ፣ ውረዱ።

ሌላው ደግሞ ኪቦርድን ብቻ ዳኛ አታድርጉ። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም። ድምፁ ከታች ተነስቶ እየተንሸራተተ ነው ቦታው የሚደርሰው። የእኛም ዘፈን እንደዚያው ነው። የይፋቱ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት ስሙት። በድምፅና በድምፅ መካከል ያለውን ቦታ ሁሉ ይነካል፤ ውበቱም እዚያ ነው። ስለዚህ አንዲት ልጅ ከታች እየተንሸራተተች ስትገባ «ከኪቦርዱ ጋር አልገጠመችም» ብላችሁ አትቸኩሉ። መጨረሻ ላይ የት አረፈች? ብላችሁ ጠይቁ። ያረፈችበት ቦታ ትክክል ከሆነ መንገዱ የራሷ ነው።

ትንፋሽ ላይ ብዙ አልልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ይበርዳልም። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ጣርማበርን ወጥቶ የመጣ ልጅ የመጀመሪያ ቀናት ስንኝ መጨረስ ሲያቅተው ብታዩ አትደነቁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ላይ ድምፁን ሳያሟሙቅ የዘፈነን ሰውም በዚያ ቀን አትመዝኑት። ለብ ያለ ውኃ ይጠጣ፣ በዝግታ ያንጎራጉር፣ ከዚያ ስሙት።

ቃሉንም ስሙ። አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል። «ይበላል» ሲላላና ሲጠብቅ ሌላ ሌላ ነው፦ አንዱ በይ፣ ሌላው ተበይ። ዜማው ሲጎተት የጠበቀው ይላላና ትርጉሙ ይገለበጣል። ሰምና ወርቅ ያለበት ግጥም ከሆነማ ወርቁ እዚያው ይቀራል። ግጥሙን ቀድማችሁ ሳታነቡ ስሙትና ያልያዛችሁትን ቃል ንገሩት። ዘፋኙ ግጥሙን በቃሉ ስለሚያውቀው ይህን በራሱ አይሰማውም።

አሁን ደግሞ አስተያየት የምትቀበሉትን ዘፋኞች ላናግር።

«እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሄ ጥያቄ ይሉኝታ ያለበትን ሰው «ቆንጆ ነው» ከማለት ውጪ ምርጫ አይሰጠውም። «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ ወረደ ወይስ መሰለኝ?» በሉ። ጠባብ ጥያቄ ስትጠይቁ ሰው እውነቱን ለመናገር አይፈራም፤ ከጠየቃችሁት ነው የመለሰላችሁ። ከመድረክ እንደወረዳችሁም አትጠይቁ። ያኔ ልባችሁ እየመታ ነው፣ የምትፈልጉት እቅፍ ነው። እቅፉን ተቀበሉ። ጥያቄው ለነገ ይቆይ።

ሲነግሯችሁ አታቋርጡ። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» «ማይኩ ነው» አትበሉ። እውነት ጉንፋን ቢሆን እንኳ ሰሚው የሰማውን ሰምቷል። ጻፉት። የማይገናኙ ሁለት ሦስት ሰዎች ያንኑ ቦታ ከጠቆሙ እመኗቸው። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ በስልካችሁ ቅዱና ራሳችሁ ፍረዱ። «ባቲ አልወድም» ያላችሁ ሰው ስለ ራሱ ነው የነገራችሁ፤ አመስግናችሁ እለፉት።

ስለ ስልኩ አንድ ነገር ልጨምር። ራሳችሁን ቀድታችሁ ስትሰሙ «ይሄ እኔ ነኝ?» ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ሁሉም ሰው ይደነግጣል። ስንናገርና ስንዘፍን የራሳችንን ድምፅ የምንሰማው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ነው። አጥንቱ ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ያሰማናል። ስልኩ ያ የለውም፤ ስለዚህ ቀጥኖ ይሰማችኋል። በዚያ ተስፋ የቆረጡ ልጆች አውቃለሁ፣ ያሳዝኑኛል። ደጋግማችሁ ስሙት፣ ጆሯችሁ ይለምደዋል። ኤኮ አትጨምሩበት። ኤኮ የወረደውን ሁሉ ይሸፍናል፣ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት እሱን ነው።

አንድ አስተያየት ግን ከማንም ሰው ሳትጠብቁ ስሙ። ዘፍናችሁ ስትጨርሱ ጉሮሯችሁን የሚያማችሁ ከሆነ አዘፋፈናችሁ ላይ የሆነ ስህተት አለ። ድምፃችሁ ጎርንኖ ሦስት ሳምንት ካለፈው ደግሞ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። ዝንጅብልና ማር ደስ ይላል፤ ሐኪምን ግን አይተካም።

«ጋሼ፣ ለታላቅ ሰውስ እንዴት እንናገር?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በእኛ ባህል ልጅ አባቱን ለሚያክል ሰው «ዜማው ወረደብዎት» አይልም፤ እንዲልም አልመክርም። ግን መንገድ አለው። «ጋሼ፣ እስቲ ያቺን ስንኝ አንዴ ይድገሙልን» በሉ። መሰንቆ የሚመታ፣ ዕድሜውን የዘፈነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሲደግመው ራሱ ያስተካክለዋል። ክብሩም አይነካም።

ለእኩያችሁ ስትናገሩ ግን ብቻውን አድርጉት። በእናቱ ፊት፣ በሚወዳት ልጅ ፊት አይሁን። መጀመሪያ የሆነለትን ቦታ በስሙ ጠርታችሁ ንገሩት፦ «መግቢያው ላይ ያቺን ረጅም ድምፅ ሳትንቀጠቀጥ ያዝካት» በሉ። ይህን ለማባበል አታድርጉት። የሆነለትን ካላወቀ ሌላውን ሲያስተካክል እሱንም ያበላሸዋል። ከዚያ አንድ ነገር ንገሩት፤ አንድ ብቻ። አምስት ስህተት ሰምታችሁ ይሆናል። ቶሎ ሊስተካከል የሚችለውን ምረጡና ሌላውን ለራሳችሁ ያዙት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ያንኑ ቦታ ስሙለት። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ለፍቶበት መጥቶ እናንተ ስለ ሌላ ነገር ብታወሩ ልቡ ይሰበራል። ከተስተካከለ «ያቺ ቦታ ተስተካከለች» በሉት። ካልተስተካከለም እንዳልተስተካከለች ንገሩት፣ አብራችሁም ቀስ እያላችሁ ዝፈኗት።