የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አማቴ ቤቱን በውሃና በዱቄት ሞሉት

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ሰላም ለናንተ። እኔ ድሬ የመጣሁት ባለፈው አመት አግብቼ ነው፣ የምንኖረው ከባለቤቴ እናት ጋር ሶስት ሆነን ነው። በጣም ደግ ሰው ናቸው፣ ግን በሽታ ገባ ወይ መንገድ ተዘጋ የሚል ወሬ በሰሙ ቁጥር ወዲያው ዘይት፣ ዱቄት፣ መኮሮኒ በብዛት ይገዛሉ፣ በርሜልና ጀሪካን ሲሞላ ሳፋና ድስት ላይ ሁሉ ውሃ ይቀዳሉ፣ መተላለፊያ አጣን። ባለፈው ዱቄቱ ነቅዞ ደፋነው። የግፊት መድሀኒታቸውን ግን ካለቀ በኋላ ነው የሚገዙት። ባለቤቴ "የኮሮናን ጊዜ ድሬ ሆነሽ ስላላየሽ ነው፣ ተያቸው" ይለኛል። እኔ ደግሞ ሱቅ የቀረውን ጠራርገን ስንወስድ ጎረቤት ምን ይለናል እያልኩ እሳቀቃለሁ። ስንት ነው ማስቀመጥ ያለብን? እሳቸውንስ እንዴት ልንገራቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ አማትሽ ያዩትን መጀመሪያ ላስታውስሽ፣ ምክንያቱም ይሄ ስስት አይደለም። በ2011 ክረምት ድሬ ላይ ችኩንጉንያ የሚባል በቢምቢ የሚተላለፍ በሽታ ገብቶ ሰው በአስር ሺዎች ታሟል፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ተኝቶ ውሃ የሚያቀብል የጠፋበት ጊዜ ነበር፣ መገጣጠሚያው ለወራት ያመመው ሰው አለ። ከዛ ሳያገግሙ መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ ተገኘ ተባለ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ ትራንስፖርት በግማሽ ሰው፣ ድንበር ዝግ። እንደ አንዳንድ አገር ሰው ከቤት አይውጣ አልተባለም፣ ግን ድሬ እኮ ከባቡሩ ጀምሮ በመንገድ የምትኖር ከተማ ናት፣ የጂቡቲ መንገድ ሲጠብ ሸክም የሚያወርደው፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ቀፊራ ጉሊት የምትቸረችረው ሁሉ ገቢው አብሮ ይጠባል፣ እነዚህ ደግሞ የዛሬን ሰርተው የዛሬን የሚበሉ ናቸው። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት መድሀኒት ነው ተብሎ ዋጋው ሰማይ ወጣ፣ ሳኒታይዘር ከፋርማሲ ጠፋ። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሆነ፣ ሚያዝያ 16 ረመዳን ገባ፣ ቅዳሴውም ተራዊሁም በየቤት ቀረ፣ እንደ ድሬ ሰው ተጠራርቶ ማፍጠርና በአል መብላት ለለመደ ይሄ ከዘይቱ እጥረት በላይ ነው ያስጨነቀው።

ስለዚህ እማማ የሚሞሉት በርሜል ያንን ጊዜ ያስታወሰ ሰው በርሜል ነው፣ አትናቂባቸው። ያም ሆኖ ግን አቦ ክፍት ውሃው መቆም አለበት፣ የምለምንሽ እሱን ነው። ችኩንጉንያንም ደንጊንም የምታስተላልፈው ቢምቢ የምትራባው ረግረግ ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም፣ ሰው ቤት የተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ትወዳለች፣ ሳፋው፣ በርሜሉ፣ የአበባ ማስቀመጫው ሁሉ ይበቃታል፣ የምትነክሰውም ቀን ነው ስለዚህ የማታ አጎበር ብቻውን አያድንም። ድሬ ደንጊንም በ2006 አይታዋለች። እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ እቃው ግድግዳ ላይ ነው፣ ውሃውን ስትደፊው አብሮ አይሄድም፣ ደርቆም ለወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ አንድ ሳምንት ወይ ትንሽ ቀን ቢጨምር ነው በራሪ የሚሆነው። ስለዚህ በሳምንት አንዴ የበርሜሉን ውሃ አውጥታችሁ ውስጡን በብሩሽ ፈትጉት፣ ክዳን ከሌለው አፉን በጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ሳፋና ድስት ላይ ጭራሽ አታሳድሩ። ሮቶ ካላችሁም ክዳኑ ክፍተት እንዳይኖረው እዩት። ለወረርሽኝ ብለን ባስቀመጥነው ውሃ ሌላ ወረርሽኝ ቤት ውስጥ ማሳደግ የለብንም።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ በሰው በቀን 5 ሊትር ብናስብ ለ3 ሰው ለሳምንት 105 ሊትር ነው፣ ማለት 5 ባለ 20 ጀሪካንና አንድ ባለ 5፣ ክዳናቸው የሚገጥም፣ ከዛ በላይ ያለው ለእጥበት ነው እሱ በርሜሉ ላይ ይሁን። ከቦቴ ወይ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ውሃ ከሆነ ለመጠጥ አፍሉት ወይ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት። ምግብ ላይ ደግሞ የ2 ወይ የ3 ሳምንት በቂ ነው፣ ያውም ሁሌ የምትበሉትን እንጂ ወሬ ሲመጣ ብቻ የሚገዛ ነገር አይደለም። ዱቄት በዚህ ሙቀት አይቆይም፣ ማሽላውን ወይ ጤፉን በእህልነቱ አስቀምጣችሁ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ማስፈጨት ይሻላል፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ በሶ፣ ሩዝ እነዚህ የሚቆዩ ናቸው። አዲስ ሲገዛ ከኋላ ይግባ፣ የቆየው ቀድሞ ይበላ፣ እንዲህ ካደረጋችሁ የሚደፋ አይኖርም። ግዢውንም ወሬ በሌለበት ሰሞን ቀስ እያላችሁ አድርጉት፣ ሱቅ ሲራቆት የምትወስጂው የመጨረሻ ዘይት የቀን ሰራተኛዋ ጎረቤትሽ ማታ ልትገዛው የነበረ ነው፣ የተሳቀቅሽው ልክ ነሽ።

አሁን ዋናው፣ መድሀኒቱ። ከሁሉም በፊት መቀመጥ ያለበት እሱ ሆኖ ሳለ እሱ ነው የተረሳው። መኮሮኒ ቢጠፋ ሌላ ይበላል፣ የግፊት ክኒን ለሳምንት ቢቋረጥ ግን ጣጣው ሌላ ነው። በ2012 ብዙ የስኳርና የግፊት ታማሚ ኮሮና ይይዘኛል ብሎ ፈርቶ ከጤና ተቋም ቀርቶ ነበር። ሀኪማቸውን ጠይቂና ቢያንስ የ1 ወር ትርፍ ይኑራቸው፣ ከምድጃና ከፀሀይ ርቆ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ ቀኑን እያየሽ አዙሪው።

እንዴት ልንገራቸው ላልሽው፣ ልጃቸው ፊት ወይ ጎረቤት ባለበት አታንሺው። ቡና አፍልተሽ ያንን ጊዜ እንዲያወሩሽ ጠይቂያቸው፣ ማን ምን እንዳቀመሳቸው፣ የትኛው ባለሱቅ ዱቤ እንደሰጣቸው፣ እድሩ ምን እንዳደረገ። ማዕድ ማጋራት በሚባልበት ጊዜ ሰው ካለው ላይ እየቀነሰ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ይሄድ ነበር፣ ሀረር ደግሞ አፎቻ የሚባለው እንደ እድር ያለ መረዳጃቸው አለ። ከዛ ጎተራውን የሚያዙት እሳቸው ይሁኑ፣ አንቺ ቀኑን የምትጽፊ፣ በርሜል የምትፈትጊ ሁኚ። "እማዬ ይሄ ቀድሞ ይውጣ?" ብለሽ ከጠየቅሻቸው ራሳቸው ያስተካክሉታል።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ዘይት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ደብቀሃል እያለ ይሰድበኛል። ያለኝ ጥቂት ካርቶን ነው። ለደንበኞቼ ላስቀምጥ ወይስ ለቀደመ ልሽጥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጓሮ አትሽጥ፣ ስድቡ ከዛ ነው የሚጀምረው። ዋጋውን ጽፈህ ለጥፍ፣ ለአንድ ቤት አንድ በል፣ ባለ 5 ሊትሩን ትተህ ባለ 1 ሊትሩን ሽጥ ብዙ ቤት እንዲደርስ። የዱቤ ደብተርህ ላይ ያሉትን ግን አትዝለላቸው፣ ገና አልከፈሉም ብለህ ስትመልሳቸው ሌላ የሚሄዱበት ሱቅ የላቸውም። ሳሙና ካልገዛህ ዘይት የለም የሚሉትን አትምሰል። አከፋፋዩ ጨምሮብህ ከሆነ ደረሰኙን አሳይ፣ ሰው ካየ ይገባዋል። ሸቀጥ መደበቅ በአዋጅ ቁጥር 813/2006ም የተከለከለ ነው፣ ስለዚህ ያለህን መደርደሪያ ላይ አውጣው፣ ሲያልቅም አለቀ ብለህ ባዶውን ካርቶን አሳያቸው።

ጥያቄ (ከለገሀሬ)፦ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያና ወለል ላይ ነጭ ነገር ይሰራል፣ በሎሚና በአቼቶ ነው የማስለቅቀው። ጀርምም እንዲገድል በረኪና ብደባልቅበትስ?

መልስ፦ በጭራሽ እንዳታደርጊው። በረኪና ከአቼቶ ወይ ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ከሆነ ሳንባ ያቃጥላል። ነጩን በአቼቶ አስለቅቂ፣ በደንብ በውሃ አለቅልቂ፣ ከዛ በሌላ ጊዜ በበረኪና ጥረጊ። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ 5% የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ ነው፣ በየቀኑ አዲስ በጥብጪ፣ የአደረው ጉልበቱ ይቀንሳል። የተረፈውን ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጪ፣ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።