ለቤተ ሙከራችን ምን ብለን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ በደጀን ወረዳ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተማ የሚኖሩ የአገራችን ልጆች «ምን እንርዳችሁ?» ይሉናል። አምና የላኩት ማይክሮስኮፕ ግን ሶኬት ላይ እንደተሰካ ተቃጠለ። ምን እንጠይቃቸው?

መልስ፦ መምህር፣ «የላቦራቶሪ ዕቃ» ብለው በጅምላ አይጠይቁ። የተማሪውን መጽሐፍ ገልጠው የሴሚስተሩን ሙከራዎች ይዘርዝሩ፤ ከየሙከራው ጎን የጎደለውን ዕቃ ከነብዛቱ ይጻፉ። ማይክሮስኮፑ የተቃጠለው ለ110 ቮልት የተሠራ ስለነበር ሳይሆን አይቀርም፤ የእኛ መስመር 220 ነው። መብራት ለሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት በመስታወት ብርሃን የሚቀበለው ይሻላል። መስታወቱን ግን በቀጥታ ወደ ፀሐይ እንዳያዞሩት፣ ዓይን ያጠፋል፤ ወደ ሰማዩ ይበቃል። ለጋሾች የሚረሱት ስላይድ (ናሙና የሚቀመጥበት ስስ መስታወት)፣ መሸፈኛ መስታወትና ማቅለሚያው አዮዲን ነው። እነዚህ ካሉ የሽንኩርት ስስ ልጣጭ በአንድ ጠብታ አዮዲን፣ በ100 እጥፍ ማጉያ፣ ሴሉን ከነኒውክለሱ ያሳያል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል!

በጎ ፈቃደኛ ከፈለጉ ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይላኩ፤ ርዕሱን፣ ቀኑንና የተማሪውን ቁጥር ይግለጹ። «መጥታችሁ አስተምሩልን» ብቻ ካሉ ሰው መጥቶ ንግግር አድርጎ ይሄዳል። 60 ተማሪ ካለ በ12 ቡድን ይከፋፈል፤ ሁለት ፈቃደኞች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይጨርሱታል።

ወላጆችን ምርት ከገባ በኋላ፣ በጥር ይጠይቁ። ገንዘብ ለሌለው የባሕር ዛፍ እንጨትና የአናጺ ጉልበት ትልቅ መዋጮ ነው፤ መደርደሪያ ይሆናል። የመጣው ዕቃ ሁሉ በዚያው ዕለት በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፣ ቅጂው ለሰጪው ይላክ።